ፈቃድ የማይወጣው ጋሽ ይቆየኝ

ደመወዝ በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ፣ የመንግሥት ይሁን የግል፣ ባንክ ይሁን ወፍጮ ቤት፣ አንድ የማይቀር ሰው አለ። ዘበኛ ሊጠፋ ይችላል። ሥራ አስኪያጅም ሊጠፋ ይችላል፤ እንዲያውም እሱ ሲጠፋ ቶሎ አይታወቅም። ይህ ሰው ግን አይጠፋም። የተሰጠውን ሁሉ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ አንዱንም ሳይነካ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። የሥራ ልብስ ይሰጡታል፣ ያስቀምጣል። ሳሙና ይሰጡታል፣ ያስቀምጣል። ዕረፍት ይሰጡታል፣ እሱንም ያስቀምጣል። እናንተም ታውቁታላችሁ። አናውቀውም ካላችሁ ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

በእኛ ወረቀት ፋብሪካ ይህን ማዕረግ ይዞ የኖረው የቦይለር ክፍል ሹም፣ የእንፋሎት ጌታ፣ የዓመት ፈቃድ ባለጸጋ፣ ክቡር ጋሽ ይቆየኝ ነው። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። ምንም ነገር ብትሰጡት የመጀመሪያ መልሱ “ይቆየኝ” ነው። ሻይ ጋብዙት፣ “ይቆየኝ” ይላል። ወንበር ስትለቁለት እንኳ “ይቆየኝ” ብሎ ቆሞ ይቀራል።

እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ ገመናውን አውቃለሁ። ቱታው፣ ጫማው፣ ጓንቱ፣ ሳሙናው የሚያልፈው በእኔ መስኮት ነው። ሌላው ሠራተኛ ቱታ ሲቀበል እዚያው ይለካውና እጅጌው አጠረ፣ ወገቡ ጠበበ እያለ ያደርቀኛል። ጋሽ ይቆየኝ ግን አይለካም። ላስቲኩን እንኳ ሳይከፍት ብብቱ ስር ሸጉጦ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። የሚለብሰው ያንኑ አሮጌውን ነው። አሮጌው ሲሰጠው ሰማያዊ ነበር ይባላል። እኔ ፋብሪካው ስገባ ግራጫ ሆኖ ነበር። አሁን ከእሱ አመድ ይደምቃል።

“ጋሼ፣ አዲሱን ለምን አትለብሰውም?” እለዋለሁ።

“ይቆየኝ።”

“ለመቼ?”

“ለደህና ቀን።”

“ቱታ እኮ ነው። ሠርግ ልትሄድበት ነው?”

“አንተ መስጠቱን አታቋርጥ፣ ማስቀመጡን ለእኔ ተው።”

አፍንጫው ብረት የሆነውን የደህንነት ጫማ ለዓመታት አልጋ ስር አስቀምጦ፣ አንድ ቀን ለእንግዳ ሊያሳይ ቢያወጣው ሶሉ ወለሉ ላይ ቀርቶ ላይኛው ብቻ እጁ ላይ ተንጠለጠለ። ሳሙናውንም አይጥ በላው። ባለቤቱ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ ይህን ስታወራ አትናደድም። “በእኛ ቤት ከሰዎቹ ይልቅ ንጹሖቹ አይጦቹ ናቸው” ትላለች።

ከሁሉም የሚልቀው ግን ፈቃዱ ነው። በእኛ ፋብሪካ ደንብ የዓመት ፈቃድ ብዙ ከቆየ ይቃጠላል፤ አለቃው “ለሥራው አስፈላጊ ስለሆነ ይተላለፍ” ብሎ ካልፈረመ በቀር። ጋሽ ይቆየኝ ዓመት በመጣ ቁጥር ይህን ፊርማ ተከታትሎ ያስፈርማል። ሌላው ሰው ፈቃድ ለመውጣት አለቃ ሲለማመጥ፣ እሱ ላለመውጣት ይለማመጣል። የብየዳ ክፍሉ ባልደረባችን፣ ምላሱ ከመበየጃው የማይተናነሰው፣ “ጋሼ ፈቃዱን አንድ ላይ የወጣ ቀን፣ ሲመለስ እኛ ሁላችንም ጡረታ ወጥተን ነው የሚያገኘን” ይላል።

እኔ በበኩሌ ፈጣሪ የሰጠኝን ሳልነካ ብመልስለት ያዝንብኛል ብዬ ስለማምን፣ ፈቃዴን እስከ መጨረሻዋ ጠዋት ድረስ እወጣለሁ። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ የመጻሕፍት ክምሬን እያየሁ አመሰግናለሁ። ለጋሽ ይቆየኝ ይህ ብክነት ነው። “ፈቃድህን ጨርሰህ አንድ ነገር ቢመጣብህስ?” ይለኛል። በሐሳቡ ያ አንድ ነገር ዘወትር በመንገድ ላይ ነው። ገና አልደረሰም፤ ግን ተነሥቷል።

ቅዳሜ ከሰዓት አንዳንዴ ቤታቸው ጎራ እላለሁ። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ስር ነው፤ ብርሃን ፍለጋ ከዓመት ዓመት ወደ መስኮቱ እየተጠጋች አሁን ግድግዳው ጋ ደርሳለች። ወደ ቤታቸው የሚገባ ሰው ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት መርፌና ክር ይቀበላል። የማን እጅ እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ “አግባልኝማ፣ ከዚያ ቁጭ ትላለህ” ትላለች። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዶባታል። ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ በኦፕራሲዮን ይነሣል፣ ደህና ታያለች፤ ከዘገየ ግን እየከበደ ይሄዳል።

በዚያ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚደረገው ትልቁ ክርክር የመንግሥትና የግል መሥሪያ ቤት ክርክር ነው። ተከራካሪው የሴት ልጃቸው ባል ነው። በአንድ አስመጪ ድርጅት ይሠራል፣ የተሰጠውን ሁሉ በተሰጠበት ቀን የሚጠቀም ጎልማሳ ነው። የስልክ ካርዱን ሳምንቱ ሳይጋመስ አውርቶ ይጨርሳል።

“አባባ፣ እኛ ጋ የሕክምና ካርድ ይሰጡናል” ይላል። “ካርዱን ይዘው የፈለጉት ሆስፒታል መግባት ነው። መነጽር ሲሉ መነጽር፣ ጥርስ ሲሉ ጥርስ።”

“ካባረሩህስ?” ይላል ጋሽ ይቆየኝ።

“ካርዱን እመልሳለሁ።”

“ጥርሱንስ?”

“ጥርሱንማ ማን ይነቅለዋል?”

“መልካም። አንተ ጥርስ አለህ፣ እኔ ጡረታ አለኝ።”

እትዬ ከመኪናዋ ቀና ሳትል፣ “አንዱ ጥርስ አለኝ ይላል፣ አንዱ ጡረታ አለኝ ይላል” አለች። “ዓይን ያለው ሰው ካለ ይቺን መርፌ ይያዝልኝ።”

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ፋብሪካችን የመንግሥት ስለነበር የሠራተኛውንም የቤተሰቡንም ሕክምና ይሸፍናል። ጋሽ ይቆየኝ የሚጠበቅበት ከሰው ኃይል ክፍል አንዲት ደብዳቤ ተቀብሎ ሚስቱን ሆስፒታል ማድረስ ብቻ ነበር። እሱ ግን ደብዳቤዋን ሳይጠይቅ ዓመት አልፎ ሌላ ዓመት መጣ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ሚስቱን ይወዳታል፤ በስተርጅና እጇን ይዞ መንገድ ሲያሻግራት የሰፈር ሰው ቆሞ ያየዋል። ችግሩ ሌላ ነው። የሕክምና መብት እንደ ቱታና እንደ ሳሙና ተቆጥሮ የተሰጠው መስሎታል። አንዴ ለዓይን ካወጣው ያልቃል፤ ነገ ልብ ቢሆን፣ ኩላሊት ቢሆን በምን ይታከማሉ? ዓይንን የሚያህል ነገር “ትንሽ ሕመም” ብሎ ያለፈው ለዚህ ነው።

ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ለሰው ኃይል ኃላፊዋ ነገርኳት። ዕድሜዋ ገና ነው፣ ትዕግሥቷ ግን የባልቴት ነው። ቢሮዋ አስጠራችው፣ እኔንም ምስክር አድርጋ አስቀመጠችኝ።

“ጋሼ፣ ሕክምናው እኮ ተለክቶ የተሰጠዎት አይደለም” አለችው። “በርሜል አይደለም፣ ቧንቧ ነው። ሲከፍቱት ይመጣል፣ ሲዘጉት ይቆማል። ነገም ቢከፍቱት ያው ይመጣል።”

“ቧንቧም ይደርቃል፣ ልጄ። እኔ በውኃና በእንፋሎት ነው ያረጀሁት።”

“ደረቀ እንኳ ቢሉ፣ ሳይደርቅ መቅዳት አይሻልም?”

ጋሽ ይቆየኝ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዙሮ አዙሮ፣ “ላስብበት” አለ። “ላስብበት” ማለት ለቢሮ ሲሆን የሚለብሰው “ይቆየኝ” ነው።

ያኔ ነው የፋብሪካው ወሬ የመጣው። መንግሥት ፋብሪካውን ለአንድ የግል ኩባንያ አስተላልፏል፤ ርክክቡ በዓመቱ መጨረሻ ነው። በሻይ ክበቡ አንዱ በደስታ፣ አንዱ በሥጋት ዋለ። ኃላፊዋ ግቢው ውስጥ ሰብስባን ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳችን። ጡረታችን ይቀጥላል። ሰርቪሱ ይቀጥላል፣ እንዲያውም መቀመጫው ስፖንጅ ያለው ይሆናል። ለሕክምናውም ኩባንያው የጤና መድን ካርድ ይገባልናል፤ ካርዱ ደህና ነው፣ አንብቤዋለሁ አለች። አንድ ነገር ብቻ አለው። ከርክክቡ በፊት የነበረ ሕመም፣ ሳይታከም ከተሻገረ፣ መድኑ አይሸፍነውም።

ዞር ብዬ ጋሽ ይቆየኝን አየሁት። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። በያጁ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ “ጋሼ፣ አሁንስ?” አለው።

“የሥራ ማስረከቢያ ግርግር ነው” አለ ጋሽ ይቆየኝ። “በዚህ መሀል ቦይለሩን ጥዬ ልውጣ? ይለፍና።”

“እሱ ሲያልፍ መብቱም አብሮ ያልፋል።”

“መንግሥት እንዲህ አይጨክንም፤ ያራዝሙታል።”

ሰው ዕድሜ ልኩን ሲያስተላልፍ ከኖረ፣ የማይተላለፍ ነገር ሲገጥመው ማመን ያቅተዋል። የሚስቱ የዓይን ብርሃን ግን እየራቀ ነበር። በዚያ ሰሞን ቤታቸው ስሄድ፣ እትዬ የአንድ ደንበኛ ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ፣ መልሳ ስትተረትር አገኘኋት። አንገቷን ደፍታ በጣቶቿ ስፌቱን እየዳበሰች ነበር። “ክፉ ቀን ሲመጣ ብሎ ያስቀምጣል” አለችኝ። “ክፉ ቀኑ መጥቶ ደጃፍ ቆሟል፣ ግባ የሚለው አጣ እንጂ።”

በማግስቱ ይመስለኛል፣ ወይም በዚያው ሳምንት፣ የአዲሱ ኩባንያ ሰዎች ፋብሪካውን ሊጎበኙ መጡ። ትእዛዝ ወጣ፤ ሠራተኛ ሁሉ አዲስ ቱታ ለብሶ ግቢው ውስጥ እንዲሰለፍ። ያልለበሰ አይቆምም ተባለ። ጋሽ ይቆየኝ ጠዋት ወደ እኔ መስኮት መጥቶ፣ “በአሮጌው ከኋላ ብቆምስ?” ብሎ ለመነኝ። አይሆንም አልኩት። ከቤቱ ይዞት መጥቶ ኖሯል፤ ላስቲኩን በጥርሱ ቀደደው። ለብሶ ሲወጣ ሰማያዊው ዓይን ይወጋል፣ እጥፋቱ ደረቱ ላይ መስቀለኛ መንገድ ሠርቷል። በያጁ፣ “ሙሽራው ወጣ፣ መንገድ ልቀቁ” አለ። ሳቅን። እሱም በአንድ ጉንጩ ሳቀ።

ተሰልፈን እንግዶቹን ስንጠብቅ እትዬ በበሩ ገባች። ሴት ልጇ ሥራ ስለነበራት ጎረቤት እስከ በሩ አድርሷት፣ የቀረውን በግድግዳው እየተመራች መጣች። ባሏ የማይጠይቀውን ደብዳቤ ራሷ ልትጠይቅ ቆርጣ ነው፤ ለኃላፊዋ የምትለውንም መንገዱን ሙሉ እያጠናች እንደመጣች ኋላ ነገረችኝ። በሰልፉ ፊት ለፊት አልፋ አልፋ፣ ጋሽ ይቆየኝ ፊት ደርሳ ቆመች። በመካከላቸው አንድ ክንድ አይሞላም።

“ወንድሜ” አለችው፣ “ጸጥታህን ካላበላሸሁብህ የቦይለሩን ሰውዬ ጥራልኝማ። ባለቤቱ ነኝ።”

በያጁ እንኳ ምላሱን ዋጠ። እሷ መልስ ስታጣ፣ “ካልተመቸህ ተወው፣ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ” ብላ ልትዞር ስትል፣

“እኔ ነኝ” አላት፣ ቀስ ብሎ።

እጇን ዘርግታ እጅጌውን ዳሰሰችው። ጨርቁ ገና አዲስ ነው፣ ደረቅ ነው። “ምንድን ነው የለበስከው?”

“አዲሱን ቱታ።”

“አሃ” አለች። “እኔ እኮ የማውቅህ በአሮጌው ነው። ከሩቅ አመድ የመሰለ ነገር ሲመጣ፣ እሱ ነው እላለሁ።”

“ፊቴስ?”

“ፊትህን ካየሁት ቆየ።”

ይህን ያለችው ሳታዝን ነው፤ የጨው ዋጋ ጨመረ እንደሚባለው ያለ ነገር አድርጋ ነው። ጋሽ ይቆየኝ ግን ከሰልፉ ወጣ። እንግዶቹ በር ላይ መኪናቸውን ሲያቆሙ እየታየ፣ እጇን ይዞ፣ ወደ ሰው ኃይል ቢሮ አቀና። ሰውየው ያለፈቃድ ከቦታው ሲነቃነቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የሕክምናው ደብዳቤ ወዲያው ተጻፈ። “ፈቃድም እፈልጋለሁ” አለ። ኃላፊዋ እስኪደግመው ጠበቀች፤ ደገመላት። እሷ ግን ቅጹን አውጥታ እስክሪብቶዋን አየር ላይ ያዘች። በእኛ ፋብሪካ ተተኪ ሳይኖር ፈቃድ አይሰጥም። የሚወጣው ሰው ሥራ ላይ ማን እንደሚቆም ተጽፎ፣ ያ ሰው ራሱ እሺ ማለት አለበት።

“ጋሼ፣ ተተኪዎን ማን ልበል?”

ጋሽ ይቆየኝ ግራ ገባው። ይህን ጥያቄ ጠይቆም ተጠይቆም አያውቅም። እሱ የሌላው ሰው ተተኪ ነው እንጂ የራሱ ተተኪ ኖሮት አያውቅም። “ሰው አላስቸግርም” አለ፤ ወደ በሩም ሊል ዳዳው። ጉብኝቱ ቶሎ አልቆልን፣ እኔ ያኔ ነበር በያጁን ይዤ የደረስኩት፤ ሌሎችም ተከትለውን ኮሪደሩን ሞልተውታል።

“እኔን ጻፊ” አለ በያጁ። “የቦይለር ፈቃድ ወረቀት አለኝ፣ ወጣት ሳለሁ ሠርቼበታለሁ።”

“አንተ መበየጃህን ማን ይይዝልሃል?” አለው ጋሽ ይቆየኝ።

“ልጄ ስትወለድ ማን ያዘልኝ?”

ያኔ ነው ለእኔም የበራልኝ። እናቴ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ማን ይዞ ነበር? የራሱን ፈረቃ ጨርሶ መጥቶ መስኮቴ ላይ የቆመው፣ ለአንድ ሰው እንኳ ቱታ አሳስቶ ያልሰጠው ማን ነበር? ከኋላዬ የቆመችው የወረቀት መቁረጫዋ ሠራተኛ በለቅሶዋ ጊዜ፣ ዘበኛው እግሩን በተሰበረ ጊዜ፣ ማን? ስንቀልድበት የኖርነው ሰው ስላልወጣ ነው እኛ የወጣነው። ፈቃዱን አላስቀመጠውም ነበር። እየቆረሰ አቃምሶን ኖሯል፤ እኛም በልተን አፋችንን ጠርገን ስንስቅበት ኖረናል።

“እኔንም ጻፊ” አልኳት ኃላፊዋን።

“አንተን እንኳ ይቅር” አለ በያጁ። “አንተ ሻይ ሲፈላ ትደነግጣለህ።”

ኦፕራሲዮኑ ከርክክቡ በፊት ሆነ፤ አንዱ ዓይን መጀመሪያ፣ ሌላው ከጥቂት ጊዜ በኋላ። ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁለቱም ደህና ወጣ። ፋሻው ሲፈታ ሴት ልጃቸውና ባሏ ነበሩ፣ እኔም ብርቱካን ይዤ በር ላይ ነበርኩ። እትዬ ግድግዳውን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ ባሏን ረጅም ጊዜ አየችው።

“እንዲህ አርጅተህ ኖሯል?” አለችው።

“ዕረፍት ወጥቼ አላውቅማ” አላት።

የሴት ልጃቸው ባል እያሳሳቀ፣ “አባባ፣ እንግዲህ ጥርስዎንም እንየው” አለ። እንደተለመደው መልስ ይሰጠዋል ብዬ ጠበቅሁ። ጋሽ ይቆየኝ ግን አልሰማውም። ፊቱን አቅንቶ፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው፣ እንድታየው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

ፈቃድ የመውጣት ትምህርት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቴ ፋብሪካው በር ላይ ተገኝቷል፤ አንዴ መነጽር ረሳሁ አለ፣ አንዴ ምክንያት እንኳ አላዘጋጀም። ዘበኛው፣ “ጋሼ፣ ፈቃድ ላይ ያለ ሰው አናስገባም፣ ደንብ ነው” ብሎ መለሰው። እንዲህ የሚል ደንብ የለንም።

ባለፈው ማክሰኞ ለግምጃ ቤቱ ዕቃ ልገዛ ወደ መሀል ከተማ ተልኬ ነበር። ረፋድ ላይ ሁለቱን አየኋቸው። ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፣ መሪዋ ግን እሷ ናት። ጋሽ ይቆየኝ በሥራ ቀን ከተማውን በፀሐይ አይቶት አያውቅም፤ ነጋ ሲል ቦይለር ስር ይገባል፣ ሲመሽ ይወጣል። አንገቱን ወደ አንድ ረጅም ሕንጻ አቅንቶ፣ “ይሄ ደግሞ መቼ ተሠራ?” ሲላት ሰማሁ። እሷ በጣቷ እያሳየች፣ ፎቁን፣ የተቀባውን አጥር፣ አደባባዩ ላይ የተተከሉትን ዛፎች፣ አንድ በአንድ ትነግረዋለች። እሷም ገና ማየቷ ነው፤ ግን ቀደም ብላ የደረሰች ሰው ኩራት አላት።

ሰላም ልላቸው እጄን አነሣሁና መልሼ ዝቅ አደረግሁት። ካየኝ መጀመሪያ ስለ እንፋሎቱ ግፊት ይጠይቀኛል፤ ከዚያ ተከትሎኝ ይመጣል። ስለዚህ አንድ የጋዜጣ ሱቅ ተገን አድርጌ፣ እስኪያልፉ ድረስ የማልገዛውን ጋዜጣ ሳነብ ቆየሁ።